በአባቴ የገጠር ይዞታ ላይ የብሎኬት ቤት ለመሥራት የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

የየቡ ልጅ፣ ጥር 6 ቀን 2012

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ከተማ ነው፤ በሙያዬ ነርስ ነኝ። አባቴ በማና ወረዳ፣ ከየቡ ከተማ አለፍ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ፣ አንድ ሄክታር የማይሞላ የቡና ይዞታ አለው። ወላጆቼ እስከ ዛሬ የሚኖሩት ከሠላሳ ዓመት በፊት በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭቃ በተመረገ ቤት ውስጥ ነው። ቋሚዎቹን ምስጥ ከሥር ስለበላቸው፣ በስተ ምሥራቅ ያለው ግድግዳ ባለፈው ክረምት ወደ ውጭ አዘንብሎ፣ አሁን በሁለት ግንድ ተደግፎ ቆሟል። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት፣ ከጎኑም ለጀንፈል (ከነገለባው ለደረቀ ቡና) ማስቀመጫ የሚሆን አነስተኛ መጋዘን ልሠራላቸው ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ።

ግራ ያጋባኝ የሰው ምክር መለያየቱ ነው። ያነጋገርኩት ግንበኛ «ገጠር ላይ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ ድንጋዩን አስጭኚና ሥራ እንጀምር» ይላል። አጎቴ ደግሞ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሳያውቀው ብሎኬት ከቆመ ነገ ያስፈርሱታል ብሎ ያስጠነቅቀኛል። ጅማ ከተማ ውስጥ ቤት የሠራች የሥራ ባልደረባዬ በበኩሏ ፕላን አስነድፌ፣ የፕላን ስምምነት አግኝቼ፣ ከዚያም የግንባታ ፈቃድ ማውጣት እንዳለብኝ ነግራኛለች። ከእነዚህ የትኛው ነው ትክክል? በተጨማሪም አባቴ ቤቱ የሚሠራበትን ቦታ ወደ እኔ ስም ለማዛወር ፈቃደኛ ነው። እኛ አምስት ልጆች ነን፤ ገንዘቡ ግን የእኔ ብቻ ነው። ከግንባታው በፊት ስሙን ማዛወር ይሻል ይሆን? ልምድ ያላችሁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

ሲቪል መሐንዲስ፣ ጥር 6 ቀን 2012

እንደምን አሉ? ለወላጆችዎ ያሰቡትን አምላክ ያሳካልዎ። ሦስቱም ሰዎች የነገሩዎት መሠረት አለው፤ ልዩነቱ የመጣው ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ላይ ቆሞ ስለተናገረ ነው።

አሁን፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በሥራ ላይ ያለው፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በዋናነት የተጻፈው ለከተሞች ነው። የሕዝብ ቁጥራቸው 10,000 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ከተሞች በቀጥታ ይሠራል፤ ከዚያ በታች በሆኑት ላይ ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ ሲወስን ነው። ከከተማ ውጭም ቢሆን ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች፣ የኢንዱስትሪና የሰፋፊ እርሻ ግንባታዎችን፣ እንዲሁም የሪል እስቴት ቤቶችን ይመለከታል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በራሱ የገጠር ይዞታ ላይ ለራሱ መኖሪያ የሚሠራው ቤት፣ ባልደረባዎ ጅማ ላይ ባለፈችበት መንገድ ማለፍ የለበትም። ግንበኛው «ፈቃድ የለም» ያለው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሆኖም የሕንፃ ፈቃድ አያስፈልግም ማለት ወረቀት አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቦታው የገጠር መሬት እስከሆነ ድረስ የሚመለከተው የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። አጎትዎ የፈሩት እርሱን ነውና አልተሳሳቱም። ድንጋይ ከማስጫንዎ በፊት አባትዎ በራሳቸው ስም ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ያመልክቱ፤ ኮሚቴው ቦታውን አይቶ ለወረዳው ይጽፍላቸዋል። ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ የጽሕፈት ቤቱ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ይቀልላችኋል። ከወረዳው በጽሑፍ ሊያገኙ የሚገባዎት ሦስት ነገር ነው፤ ቤቱ የሚያርፍበት ቦታ በአባትዎ የይዞታ ደብተር ውስጥ ስለመካተቱ፣ ለመንገድ፣ ለኤሌክትሪክ መስመር ወይም ለሌላ የጋራ አገልግሎት ያልተከለለ ስለመሆኑ፣ እንዲሁም በየቡ ወይም በሌላ ከተማ የማስፋፊያ ፕላን ውስጥ ስላለመግባቱ። በተለይ ሦስተኛውን አጥብቀው ይጠይቁ፤ ቀበሌው ወደ ከተማ ክልል ከተጠቃለለ ጉዳይዎ ወደ ማዘጋጃ ቤት ያልፋል፤ ያን ጊዜ የባልደረባዎ ምክር ትክክል ይሆናል ማለት ነው።

እንደዚያ ከሆነም አይደንግጡ። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት የአርማታ ወይም የብረት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ሕንፃ «ምድብ ሀ» ነው፤ ያሰቡት ባለ ሦስት ክፍል ቤት ከዚህ አይወጣም። ርቀቱ ከዚያ ሲበልጥ ወይም ሕንፃው ባለ ሁለት ወለልና ከዚያ በላይ ሲሆን «ምድብ ለ» ይሆናል። «ምድብ ሐ» የሚባሉት የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎች፣ ወርክሾፖችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። የምድብ ሀ ፕላን ቀላል ነው፤ ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም።

መጋዘኑን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚቀመጠው የአባትዎ የራሳቸው ጀንፈል ብቻ ነው ወይስ ከጎረቤት ገዝተው ሊያከማቹ አስበዋል? የራሳቸው ብቻ ከሆነ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚታይ የእርሻ መገልገያ ነው። የንግድ መጋዘን ወይም የእሸት ቡና ማጠቢያ ከሆነ ግን ፈቃዱም፣ የአካባቢ ጥበቃ ጥያቄውም የተለየ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ አያደባልቋቸው።

ከከተማው ዳር፣ ጥር 7 ቀን 2012

መሐንዲሱ ስለ ከተማ ማስፋፊያ የጻፉትን እኔ በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። በ2005 ዓ.ም. ከጅማ ዳርቻ ከአንድ ገበሬ ላይ 400 ካሬ ሜትር ቦታ በውል ወረቀት ገዛሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ፈርመውበታል፤ ሻጩም ደግ ሰው ነበር፤ ሊያታልለኝ ያሰበ አልነበረም። ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ሠርቼ፣ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ የታረሰችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። በሁለተኛው ዓመት ቀያሾች መጥተው ለኩ፤ ከሳምንት በኋላ በበራችን ጎን በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገበት። ካሳ ስጠይቅ የይዞታ ማረጋገጫ አምጣ ተባልኩ። የነበረኝ ያ የሽማግሌዎች ወረቀት ብቻ ነበር፤ የገጠር መሬት ደግሞ አይሸጥም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከምንም አልተቆጠረም። ቆርቆሮውንና በሩን ነቅለን ወጣን፤ ብሎኬቱ እዚያው ቀረ።

የእርስዎ ጉዳይ ከእኔ ይለያል፤ አባትዎ ሕጋዊ ባለይዞታ ናቸው። ቢሆንም በደብተሩ ላይ የተጻፈውና መሬት ላይ ያለው አንድ መሆኑን ሜትር ይዘው ራስዎ ያረጋግጡ። ደብተሩ ላይ በአራቱም ማዕዘን የአዋሳኞቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። እያንዳንዱን ስም ይዘው ወሰኑ ላይ ይቁሙ፤ ጎረቤቶቹም በቦታው ይገኙ።

የሕግ ባለሙያ፣ ጥር 7 ቀን 2012

ስለ ስም ዝውውሩ የጠየቁትን ማንም ስላልመለሰው እኔ ልመልስ። ምክሬ አጭር ነው፤ ይዞታውን ወደ ስምዎ አያዛውሩ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚሠራው ቋሚ ንብረት ግን ሙሉ መብት አለው። የመጠቀም መብቱን በስጦታ ወይም በውርስ ለቤተሰብ አባል ማስተላለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን አሁን፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 «የቤተሰብ አባል» የሚለው የባለይዞታውን መተዳደሪያ እየተጋራ በቋሚነት አብሮ የሚኖረውን ሰው ነው። እርስዎ በደመወዝ የሚተዳደሩ የጅማ ከተማ ነዋሪ ነዎት። የሥጋ ልጅ መሆንዎ ብቻውን በዚህ ትርጉም ውስጥ አያስገባዎትም፤ ጽሕፈት ቤቱ ዝውውሩን ላይቀበል ይችላል፤ ቢቀበለውም ነገ አንድ ወንድምዎ ወይም እህትዎ ሊቃወመው ይችላል። በዚያ ላይ ዛሬም በሚሠራበት በኦሮሚያ የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 130 የቋሚ ተክል ይዞታ ከ0.25 ሄክታር በታች እንዳይሆን ወሰን ተደርጎበታል፤ የአባትዎ ቡና አንድ ሄክታር እንኳ የማይሞላ ስለሆነ፣ ለአምስት ልጆች እየቆራረጡ መስጠት አይቻልም።

ስለዚህ ቤቱ በወላጆችዎ ስም ይሠራ። «በወላጆችዎ» ያልኩት አውቄ ነው፤ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ሕጉ ስለሚያዝ፣ የእናትዎ ስም በደብተሩ ላይ መኖሩን ይመልከቱ፤ ከሌለ በዚሁ አጋጣሚ ያስተካክሉት።

ገንዘብዎን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለዎት። ለወላጆቼ የሰጠሁት ስጦታ ነው ካሉ፣ ቤቱ የእነርሱ ሀብት መሆኑንና ወደፊት ለአምስታችሁም በውርስ እንደሚደርስ ከአሁኑ ተቀብለው ይስጡ። ገንዘቡ እንዲታወቅልዎ ከፈለጉ ደግሞ የብድር ውል ይጻፉ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው፤ በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል ደግሞ ሁለት ምስክሮች ሊፈርሙበት ይገባል። አባትዎም እናትዎም ይፈርሙ፤ አራቱ ወንድምና እህቶችዎ ውሉ በፊታቸው ይነበብላቸው። በእኛ ባህል ከወላጅ ጋር ውል መፈራረም ነውር እንደሚመስል አውቃለሁ። ሆኖም ከአባት ቀብር በኋላ ወንድማማቾች በአንድ የብሎኬት ቤት ምክንያት ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ፊት ለፊት ቆመው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከዚያ የሚብስ ነውር አላየሁም።

የየቡ ልጅ፣ ጥር 15 ቀን 2012

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጋዘኑን ጥያቄ ልመልስ፤ የሚቀመጥበት የአባቴ ጀንፈል ብቻ ነው።

ጥምቀት እንዳለፈ፣ ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወደ ወላጆቼ ሄድኩ። ደብተሩን እናቴ በላስቲክ ጠቅልላ ከሳጥኗ ግርጌ አስቀምጣው ነበር፤ የእርሷም ስም ከአባቴ ቀጥሎ ተጽፎበታል። በምዕራብ በኩል የተጻፈው አዋሳኝ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን ይዞታው የልጃቸው ነው፤ እርሱም መጥቶ ድንበሩን አሳየን። በምሥራቅ በኩል የተጻፈው «መንገድ» ይላል። የኮሚቴው ሰብሳቢ መንገዱ ሊሰፋ ስለታሰበ መጋዘኑን ወደ ውስጥ እንድንስበው መከሩን። ካሰብኩት ቦታ ስምንት እርምጃ ገባ አድርገን ችካል ተከልን፤ ሦስት የቡና እግር ይነቀላል፤ አባቴ ግን ተስማምቷል። ቀበሌው ወረዳ የምንወስደውን ደብዳቤ ጽፎልናል። ስለ ብድሩ ውል ለአባቴ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ይሁን» አለኝ። ለፋሲካ ስንሰበሰብ እንፈራረማለን።

አሁን የቀረኝ ስለ መሠረቱ ነው። ግንበኛው ግማሽ ሜትር መቆፈር ይበቃል ይላል። ይበቃል?

ሲቪል መሐንዲስ፣ ጥር 16 ቀን 2012

መጋዘኑን ማራቃችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ ሦስት የቡና እግር ከአንድ ግድግዳ በጣም ይረክሳል።

መሠረቱ ግማሽ ሜትር ይብቃው ወይም አይብቃው የሚታወቀው በአፈሩ እንጂ በሜትር አይደለም። ጉብታው ላይ ያለው ቀይ አፈር ከሆነ ጥሩ ነው፤ የላይኛው ጥቁር ለም አፈርና የቡናው ሥር ተጠርጎ፣ ጠንካራው ቀይ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር። በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ ኮትቻ ከሆነ ግን የቤቱን ቦታ መቀየር ወይም አፈሩን አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ያስፈልጋል፤ በኮትቻ ላይ ያለ በቂ መሠረት የቆመ ብሎኬት በሁለተኛው ክረምት ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስለ ምስጡ ደግሞ፣ የአሮጌው ቤት ቋሚና ማገር ስብርባሪ ከአዲሱ መሠረት መሙያ ጋር እንዳይቀበር ግንበኛውን ቆመው ያስጠነቅቁ፤ ምስጥ የሚመጣው እርሱን ተከትሎ ነው። ሽንት ቤቱ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓዱም ቁልቁል በኩል ይሁን። የጀንፈሉ መጋዘን ከማእድ ቤቱ ጋር ግድግዳ አይጋራ፤ ቡና የጭስ ሽታ ይይዛልና። ወለሉም ከመሬት ከፍ ብሎ ጆንያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደሩ።

ቤቱ በሚያርፍበት በሁለት ጥግ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጉድጓድ ያስቆፍሩና፣ ከየሩብ ሜትሩ የወጣውን አፈር ለየብቻ ከምረው ፎቶ ያንሱት። ቀለሙን አይቼ፣ በእጅ ሲድቦለቦል ምን እንደሚመስል ከነገሩኝ በኋላ ስለ ጥልቀቱ እጽፍልዎታለሁ።