ዚግዛጉ በግራ በኩል ብቻ እየዘለለ አስቸገረኝ

የቤት ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና የምታውቁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ለቀሚስ የቆረጥኩት ሸማ ጠርዙ እንዳይተረተር በዚግዛግ (ግራና ቀኝ እየተመላለሰ በሚሰፋው ስፌት) ልይዘው ፈልጌ ነበር። ቀጥ ያለው ስፌት እንከን አይወጣለትም። ወደ ዚግዛግ ሳዞረው ግን መርፌው በቀኝ ሲወርድ ክሩን ይይዛል፣ በግራ ሲወርድ ይዘላል፤ ያልተያዘው ክር ከጨርቁ በላይ ልል ብሎ ይቀራል።

አዲስ 80 ቁጥር መርፌ አስገብቻለሁ፣ የላዩንም የታችኛውንም ክር እንደገና አጥልቄአለሁ፤ የጨርቅ መጫኛው እግርም ሰፊ ቀዳዳ ያለው የዚግዛግ ነው። የዚግዛጉን ስፋት ከ5 ወደ 3 ስቀንሰው መዝለሉ ይቀንሳል፤ ሸማው ሳሳ ያለ በመሆኑ ግን ጠባቡ ስፌት ከጠርዙ ክሮች ጋር ተላቆ ይወጣል። ከጨርቁ ስር ስስ ወረቀት ባደርግ የጨርቁ መጨማደድ ቀረ፣ መዝለሉ ግን እንዳለ ነው። በዚያ ላይ ወረቀቱን ስቀድደው ማጉን እየሳበ ያበላሽብኛል፤ ለሸማ የሚሆን ዘዴ አይመስለኝም።

ከታች የሚዞረው የክር መያዣ መንጠቆ ከመርፌው ጋር መገጣጠሙ ተዛብቶ ይሆን? ከሆነስ ቤት ውስጥ ይስተካከላል ወይስ ጠጋኝ ጋር ልውሰደው? ጥለቱን ገና አልነካሁትም፤ መልሳችሁን እስካገኝ ጠርዙን በእጄ እየጠመዘዝኩ እቆያለሁ።