ትልቅ ይደርሳል የተባለ ልጅ መሃል ላይ የሚቀረው ለምንድነው?

የሆጤ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ግራኝ ነው፣ ሆጤ ሜዳ ላይ ሲጫወት አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። በሁለት ተከላካይ መሃል ኳሷን በውጪ እግሩ ነካ አድርጎ ይወጣና ቀና ብሎ ያቀብላል። በዚህ እድሜ ቀና ብሎ የሚጫወት ልጅ ብዙ አይታይም። አሁን አንድ ሰውዬ መጥቶ ክለብ አስገባዋለሁ፣ ወረቀት ፈርሙልኝ እያለ ነው። አባባ ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከሱ በፊት "ይሄ ልጅ የት ይደርስ ይሆን" ሲባልላቸው የነበሩ የሰፈራችን ልጆች ነበሩ። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ፒያሳ ጫማ ይሸጣል። ስራቸውን አልንቅም፣ ግን ያ ሁሉ ኳስ የት ገባ? ውጪም ያው ነው። ፍሬዲ አዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ገና በ14 ዓመቱ ለአሜሪካው ክለብ ዲሲ ዩናይትድ ተሰልፎ ከፔሌ ጋር ሲያወዳድሩት ነበር፣ ከዚያ ከክለብ ክለብ ሲዞር ዘመኑ አለቀ። ሰው ሁሉ "ራሱን ጣለ" ብሎ ይዘጋዋል። እውነት ሁሉም ራሳቸውን ጥለው ነው?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)
ወንድም፣ እኔ እውነቱን ልንገርህ፣ ዲሲፕሊን ነው። እንግሊዛዊውን ራቬል ሞሪሰንን አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2011 ማንቸስተር ዩናይትድ የወጣቶች ኤፍኤ ካፕን ሲበላ ፖግባና ሊንጋርድም በቡድኑ ነበሩ፣ ግን የብዙ ሰው ዓይን እሱ ላይ ነበር። አሰልጣኙ ፈርጉሰን ችሎታውን እየመሰከሩለት እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ለዌስትሃም ሸጡት፣ ከሜዳ ውጪ ያለው ጣጣ አላልቅ ስላለ። እኛም ጋ ያው ነው። ልጁ የመጀመሪያዋን የፊርማ ገንዘብ ይቀበላል፣ ጓደኛ ይበዛል፣ ከሰዓት ጫት፣ ማታ መጠጥ፣ ጠዋት ልምምድ ላይ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው። ወንድምህን ጓደኞቹን አስመርጠው።

ጦሳ ስር
@ቦርከና ማዶ ያልከው አለ፣ ግን መጠጡ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው አይደለም። ብራዚላዊውን አጥቂ አድሪያኖን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ አርጀንቲና ላይ ባለቀ ሰዓት አቻ አድርጎ ብራዚል በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰደች፣ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢም እሱ ነበር። ብዙ ሳይቆይ አባቱ ሞቱ። ስልኩ ሲደወል አብሮት የነበረው የኢንተር ሚላን የቡድን አጋሩ ዛኔቲ፣ ያ ጩኸት ከጆሮው እንደማይጠፋ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም ነገር የተበላሸው። ሰው ያየው ጠርሙሱን ነው፣ ሀዘኑን ያየለት የለም። ቦያን ክርኪችም አለ። በ17 ዓመቱ ለባርሴሎና ተሰልፎ፣ የስፔን ብሔራዊ ቡድን ሲጠራው በጭንቀት ልቡ እየመታ ራሱ ይዞርበት ነበር። ለሕዝቡ የተነገረው ሆዱን አሞት ነው ተብሎ ነው። እሱ አልጠጣም፣ አላመሸም። እኛ ቤት ደግሞ "ወንድ ልጅ አይጨነቅም" እየተባለ ነው ያደግነው። አብሽር የሆጤ ልጅ፣ አንተ መጨነቅህ ለሱ ጥሩ ነው፣ ግን እሱንም ምን እንደሚሰማው ጠይቀው።

የታዳጊ አሰልጣኝ (ደሴ)
ልጄ፣ ፕሮጀክት ላይ ታዳጊ ሳሰለጥን ብዙ ዘመኔ ነው። ራሱን የጣለ አለ፣ አልክድም። ግን ከጠፉብኝ ልጆች አብዛኞቹ ሌላ ሰው የጣላቸው ናቸው። እንደኔ ትልቁ ጠላት የጉልበት ጉዳት ነው። ክረምት የሰፈር ዋንጫ ላይ ልጁ ይጠመዘዛል፣ ወጌሻ ያሸዋል፣ በረዶ ይደረግበታል፣ እብጠቱ ትንሽ ሲጎድል በፋሻ ጠፍረው ያስገቡታል። የተበጠሰው ጅማት ቢሆን በማሸት አይድንም። አንዱ ልጄ ደረጃ ሲወርድ የብረቱን መደገፊያ በእጁ ጨብጦ ይወርድ ነበር፤ ለእኔ ግን "ደህና ነኝ ጋሼ" ነበር የሚለኝ፣ ቦታውን እንዳይነጠቅ ፈርቶ። ኤምአርአይ (የውስጡን ጉዳት የሚያሳየውን ምርመራ) የሚከፍልለት ክለብም ቤተሰብም አልነበረውም።

ከዚያ እድሜው አለ። ሁለት ሶስት ዓመት ቀንሶ የሚጫወት ልጅ በ15 ዓመት በታች ጎልቶ ይወጣል፣ ምክንያቱም በጉልበት ነው የሚበልጣቸው። እኩዮቹ ሲደርሱበት ብልጫው ያልቃል። እኛም "ኮከብ ነበር፣ ጠፋ" እንላለን። ክለቦቻችንም አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት በጀት የሚኖሩ ስለሆኑ አሰልጣኙ ዘንድሮ ካላሸነፈ ከርሞ የለም፣ ስለዚህ የ18 ዓመት ልጅ ከማሰለፍ የ30 ዓመቱን ይመርጣል። ልጁ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያረጃል። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ልጆቼ ተበታተኑ፣ ሲረጋጋ ሁሉም አልተመለሱም።

ያንተን ጉዳይ በተመለከተ ግን የጋናው ኒ ላምፕቴይ ታሪክ ይበልጥ ይጠቅምሃል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጣሊያን ላይ ጋና ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ስትወስድ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች እሱ ነበር፣ ፔሌ ተተኪዬ ብለውታል። በ16 ዓመቱ ለቤልጂየሙ ክለብ አንደርሌክት ተጫወተ። ነገር ግን ትምህርት ቤት በቅጡ አልዋለም፣ የፈረመውን ወረቀት ማንበብ አይችልም ነበር፣ ወኪሉም እንደፈለገ ከክለብ ክለብ ወሰደው። በኋላ አክራ ላይ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ስለዚህ ወንድምህን ትምህርት እንዳታስቆመው።

ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ንገረኝ። እስከ መቼ ነው የሚያስረው? መልቀቂያ የሚሰጠው ማነው? ሲጎዳ የሚያሳክመውስ?

የሆጤ ልጅ (ደሴ)
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አሁን አነበብኩት። የሚያበቃበት ቀን የለውም። ስለ ሕክምና አንድ መስመር የለም። ወደፊት ከሚያገኘው ገንዘብ ግማሹ ለሰውዬው ነው ይላል። የክለቡ ስም ደግሞ አልተጻፈም።

የታዳጊ አሰልጣኝ (ደሴ)
እንዳትፈርሙ! አባትህንም አደራ። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሶስት ዓመት በላይ ውል መፈረም አይችልም፣ የሚያበቃበት ቀን የሌለው ነገር ደግሞ ውልም አይባል። ወኪል ነኝ ካለ የፊፋ ፈቃዱን ያሳይህ። የክለቡን ስም ይንገርህና ራስህ ደውለህ ልጁን የሚፈልጉት እንደሆነ ጠይቅ። እውነተኛ ፈላጊ ከሆነ ይጠብቃል።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግማሽ የሚባለውን ስሰማ ደሜ ነው የፈላው። የሆጤ ልጅ፣ የአክስቴ ልጅ ጠበቃ ነው፣ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ቅዳሜ ወረቀቱን ይዘህ ውረድ፣ ያለ ክፍያ ያይልሃል። ወንድምህንም ይዘኸው ና፣ እኛም ሜዳ ላይ እንየው።