ምርጫው ማክሰኞ ነው፤ የኛ ሰው ማክሰኞ ሥራ ላይ ነው። ምን እናድርግ?

የፌርፋክሷ ነርስ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ጓደኛችን ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ፣ ለትምህርት ቦርድ ልትወዳደር ነው። ልጆቿ እዚሁ ነው የተማሩት፤ ጉዳዩን ታውቀዋለች። ልናግዛት 12 ሰዎች ተሰባስበናል። ገንዘብ የለንም፤ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን። እኔ ራሴ የማታ ሽፍት ነኝ።

ባለፈው እሁድ ስንነጋገር ግማሹ ፍላየር እናሳትም አለ። ግማሹ ደግሞ በምርጫው ቀን በመኪናችን ሰው እናመላልስ አለ። አንድ ልጅ ግን «ድምፅ መስጠት ሴፕቴምበር ላይ ይጀመራል፤ እስከ ኖቬምበር ምን አስጠበቀን?» አለ። ከዚህ በፊት የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከየት ነው የሚጀመረው?

አሌክሳንድሪያ 22 መለሰ፦

እህቴ፣ ልጁ ልክ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ማንም መራጭ ምክንያት ሳይጠየቅ ቀድሞ ድምፅ መስጠት ይችላል። ከምርጫው 45 ቀን በፊት፣ ከመስቀል ጥቂት ቀደም ብሎ ይጀመርና ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ያበቃል።

እኔ በሁለት ምርጫዎች በር አንኳኩቻለሁ። ትልቁ ጥቅም ዝርዝሩ ነው። ቀድሞ ድምፅ የሰጠው ሰው ስም በየቀኑ ይመዘገባል፤ ማንን እንደመረጠ አይደለም፣ መምረጡ ብቻ። የእጩዋ ቡድን ይህን ዝርዝር ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ይችላል። የመረጠውን ሰው ስም ትሰርዙታላችሁ፣ ጉልበታችሁ ላልመረጠው ይተርፋል። መጀመሪያ ላይ ይህን አናውቅም ነበር። አንዲት እናት ጋ ሦስት ጊዜ ደወልን። በሦስተኛው «ልጄ፣ መርጫለሁ አልኩህ እኮ!» አሉኝ። ያን ሰዓት ለሌላ ሰው መደወል ነበረብኝ።

ስለዚህ ፍላየሩን ለጊዜው ተዉት። እያንዳንዳችሁ በስም የምታውቋቸውን 25 መራጮች ጻፉ፤ የዕድር ሰው፣ የማኅበር ሰው፣ የልጆቻችሁ ጓደኞች ወላጆች። ለ12 ሰው 300 ስም ነው። ስትደውሉ «ምረጡ» ብላችሁ አትዝጉት። የትኛው ቀን ነው የምትሄደው? ከሥራ በፊት ነው በኋላ? ማን ያደርስሃል? መልሱን ጻፉና በዚያ ቀን ዋዜማ መልሳችሁ ደውሉ። የማያውቁት ሰው በር ላይ ቆሞ ከሚለው ይልቅ የእህታቸው ልጅ ያለችው ይሰማል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ለትምህርት ቦርድ ሲሆን በወረቀቱ ላይ ከስሟ አጠገብ ፓርቲ አይጻፍም። ከላይ ያለውን መርጦ የታችኛውን ባዶ የሚተው ብዙ ሰው አይቻለሁ። የወረቀቱን ናሙና ይዛችሁ ስሟ የት እንዳለ በጣት አሳዩ።

300 ሰው ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ የሆነውን ንገሩት። ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ሁለቱ እጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ጃንዋሪ 2018 ስማቸው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገብቶ በዕጣ ተለየ። በዚያ ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ 49 ያዙ። አንዲት እናትና ልጇ ተያይዘው ቢሄዱ ዕጣ አያስፈልግም ነበር።

ሹፌሩ መለሰ፦

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ላክል። በሩን ቀድሞ መክፈት ብቻውን ሰው አያመጣም። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ተሽቀዳድሞ የሚሄደው፣ ባይከፈትለትም ማክሰኞ የሚሄድ ሰው ነው። እሱን ደውላችሁ ብታመሰግኑት በቂ ነው።

እኔ ኤርፖርት ነው የምሠራው። አንድ ዓመት ማክሰኞ ለት ከንጋት ጀምሬ ስሠራ ውዬ፣ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የመጀመሪያው ምርጫዬ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጓደኛዬ «ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሂድ፣ ከዚያ ቁርስ እንበላለን» አለኝ። ሄድኩ። እኔን የሚመስሉትን ነው መፈለግ ያለባችሁ።

እመት መለሱ፦

ልጆቼ፣ ሽማግሌዎቻችሁን አትርሱ። እዚህ ፌርፋክስ ወረቀቱ በአማርኛ የለም። ግን ማንበብ የሚቸግረው ሰው የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ መግባት እንዲችል የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይሁን። እኔ የገባሁት ከልጄ ጋር ነው። ዕድሜው 65 የሞላ ደግሞ ከመኪናው ሳይወርድ መምረጥ ይችላል። ጉልበቴ ታሞ በነበረ ጊዜ ወረቀቱን መኪና ድረስ አምጥተውልኛል። ይህን ያልሰሙ ስንት እናቶች ቤት ቀርተዋል!

ሌላው፣ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንዳታሳስቱት። ዜግነት ሳይኖረው ከመረጠ መዘዙ እስከ መባረር ነው። በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ሰው ማድረስ ግን ይችላል። ይህንን ስትደውሉ በመጀመሪያ ጠይቁ።

የፌርፋክሷ ነርስ፦

እናቴ፣ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍላየሩን ተውነው። ዛሬ ማታ ሥራ ከመግባቴ በፊት 25 ስም መጻፍ ጀመርኩ። 19 ላይ ደርሻለሁ። ከነዚህ ውስጥ ስድስቱ የማታ ሽፍት ናቸው። እነሱን ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ስንወጣ በኔ መኪና ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ከኔ ጋር ሰባት ስለምንሆን ሁለት ዙር ይሆናል።