ቀጭኑን ላፕቶፕ ልላክለት ወይስ ወፈር ያለውን?

የፌርፋክሷ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ ላኪልኝ ብሎኛል። ጠዋትና ማታ በባቡርና በታክሲ ተጋፍቶ ስለሚሄድ ቀጭንና ቀላል ይሁንልኝ ነው የሚለው። ስሙንም ጠርቶ ቲንክፓድ ኤክስ 1 ካርቦን ብሏል። አዲሱ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ያገለገለ፣ እ.ኤ.አ. የ2018ቱን ስድስተኛ ትውልድ አግኝቻለሁ፤ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ሥራው ፒችትሪ (የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር)፣ ኤክሴል፣ በኢንተርኔት ግብር ማሳወቅና የአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ያዋጣዋል? ደግሞስ ሰው ይዞለት ሲገባ ቦሌ ላይ ቀረጥ ይጠየቅበታል? መንገደኛው በቅርብ ስለሚነሳ ቶሎ ብትመልሱልኝ።

አይቲ ከፍራንክፈርት፦
እህቴ፣ ኤክስ 1 ካርቦን ጥሩ ማሽን ነው። ክብደቱ 1.13 ኪሎ፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ስክሪኑ 14 ኢንች፣ ባትሪው 57 ዋት ሰዓት ነው። ይህን ያህል ሲቀጥን ግን ራሙ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይዷል። የሚጨመርበት ቦታ የለውም፤ 8 ጊጋ ከገዛሽ እስከ መጨረሻው 8 ጊጋ ነው። ፒችትሪ ብቻውን ብዙ አይጠይቅም። ማሽኑን የሚያንቀው ዊንዶውስ 11፣ ትልልቅ የኤክሴል ፋይልና አሥር አሥራ አምስት ገጽ የተከፈተበት ክሮም አንድ ላይ ሲነሡ ነው። ስለዚህ ኤክስ 1 ከሆነ 16 ጊጋ ያለውን ብቻ ፈልጊ። ኤስኤስዲው በብሎን የሚፈታ ስለሆነ 256 ለጊዜው ይበቃዋል፤ ሲሞላ ይቀየራል።

ፕሮሰሰሩ ላይ «አይ 5» የሚለው ብቻ አያስተማምንም፤ ከኋላው ያለውን ቁጥር አንብቢ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም፤ ይህ የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው፣ ከኤክስ 1 «ስድስተኛ ትውልድ» ጋር አታምታቺው። ቁጥሩ 8250 ወይም 8350 ከሆነ ያልፋል፣ 7300 ከሆነ ተዪው። በ2018 ከወጡት የቢሮ ላፕቶፖች መካከል 7ኛ ትውልድ የተገጠመላቸው አሉ፤ ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም።

ከሁሉም በላይ የምፈራልሽ መቆለፊያውን ነው። ውጭ አገር ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ በብዛት ገበያ የሚወጣው ኩባንያዎች ለጥቂት ዓመታት በኪራይ ይዘው ሲመልሱት ነው። አንዳንዱ ከኩባንያው መዝገብ ሳይሰረዝ ይሸጣል። የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርጊና ሲነሣ ከዋይፋይ ጋር አገናኚው። ኢንተርኔት ካላገኘ የኩባንያው መቆለፊያ አይታይም። የድርጅት ስም አውጥቶ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከጠየቀሽ መልሺው፤ ፎርማት ቢደረግም ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ አጥፍተሽ ስታስነሺው ኤፍ 1ን ተጫኚ፤ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መቼት) ውስጥ ሳያስገባ ፓስወርድ ከጠየቀም መልሺው። በቲንክፓድ ይህ ፓስወርድ ሲጠፋ አምራቹ የሚሰጠው መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ነው።

ባትሪውን በግምት አትቀበዪ። ከዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት የባትሪ ሪፖርት ማውጣት ይቻላል። ሪፖርቱ ሁለት ቁጥር ያሳይሻል፦ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘውን። 57,000 ሚሊ ዋት ሰዓት የነበረው 40,000 ከደረሰ 70 በመቶ ቀርቶታል። 8 ዋት ገደማ በሚበላ ቀላል ሥራ፣ ሰባት ሰዓት ይሠራ የነበረው አምስት ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ደምረሽ አስቢ።

ጠጋኙ፣ ስታዲየም አካባቢ፦
ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። የፍራንክፈርቱ ወንድሜ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ዕቃው የሚኖረው እዚህ ነው።

የ2018ቱ ኤክስ 1 ቻርጅ የሚያደርገው በዩኤስቢ ሲ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቀዳዳዎች ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ሰው ገመዱን ሲረግጠው ወይም የግድግዳው ሶኬት ላልቶ ብልጭ ብልጭ ሲል ቀዳዳውም፣ ከኋላው ያለው ቻርጅ የሚቆጣጠር ቺፕም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ያኔ ሥራው በማይክሮስኮፕና በሆት ኤር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን አጥርቶ የሚሠራ ሰው አለ፤ ግን በየሱቁ አይደለም። በዚያ ላይ ከ2017 እስከ 2019 የወጡ ብዙ ቲንክፓዶች የተንደርቦልት ፈርምዌር (የዩኤስቢ ሲውን ቀዳዳ የሚያሠራው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ችግር አለባቸው፤ ሳይታደስ ከቆየ የዩኤስቢ ሲው ቀዳዳ ቻርጅ ማድረግ ሊያቆም ይችላል። የቲንክፓድ አምራች ሌኖቮ ማስተካከያውን አውጥቷል። እዚያው በእጅሽ እያለ ጫኚለት፤ ቀዳዳው ከሞተ በኋላ ብዙ ጊዜ አያድነውም። ስትገዢም ቻርጀሩን በሁለቱም ቀዳዳ እየሰካሽ እይ፤ ስትነካኪው ከተቋረጠ አትውሰጂው።

ሌላው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም ያንሳል። ወፍራም ማሽን ትልቅ ፋንና ሰፊ መተንፈሻ ስላለው ይቋቋመዋል፤ ቀጭኑ ቶሎ ይግልና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰው ይህን ሲያይ «ቫይረስ ገባበት» ይላል። ከተማው በግንባታ ላይ ስለሆነ አቧራው ፋኑን በአጭር ጊዜ ይደፍነዋል። በዓመት አንዴ ጀርባው ተከፍቶ ይጽዳ፤ ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት (ፓስታው) ከደረቀም ይቀየር።

ለእኔ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 ይሻላል። 1.48 ኪሎ ነው፤ ከኤክስ 1 የሚበልጠው 350 ግራም ብቻ ነው። ራሙ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ እስከ 32 ጊጋ ይቀበላል። ከዩኤስቢ ሲ ሌላ ክብ የቻርጀር ቀዳዳ አለው፤ እሱ ቢበላሽ ገመዱ ለብቻው ይቀየራል። የኔትወርክ ገመድም ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይሰካበታል። ኤክስ 1 ላይ ለኔትወርክ ገመድ የራሱ ማገናኛ ያስፈልጋል፤ ማገናኛው ከጠፋ ሰርቨሩ ላይ ባለው ፒችትሪ በዋይፋይ ሊሠራ ነው። ዋይፋይ በመሀል ሲቋረጥ ደግሞ የፒችትሪ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ ከክብደት ይበልጣል።

ሽማግሌው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን ገንዘቡን በባንክ አትልኪለትም? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በባንክ የሚገባ አንድ ዶላር ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ብር ያወጣል። ደንበል ወይም መገናኛ ሄዶ ዓይኑ እያየ፣ እየነካ ይግዛ። ቢበላሽበት ሻጩን ያገኘዋል። አንቺ የላክሽው ቢበላሽ ማንን ይጠይቃል? መንገደኛውንም ከሻንጣ ኪሎ ታሳርፊዋለሽ። ደግሞ የሞዴል ስም ጠርቶ የሚጠይቅ ሰው ዕቃውን ለሥራ ይሁን ለታይታ ማወቅ ያስቸግራል።

የለገሐር ልጅ፣ ቶሮንቶ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም። ብሩ በእጥፍ ቢበዛ የላፕቶፑም ዋጋ በዚያው ልክ ወጥቷል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና። ደግሞ ጥሬ ብር ቤተሰብ መሀል ሲገባ ባለቤት የለውም። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ የታመመ አለ። ልጁ ቢፈልግ እንኳ እናቱ ቸግሯት እያየ ብሩን ለላፕቶፕ ብቻ ነው ብሎ ማስቀመጥ አይችልም። ዕቃ ሲሄድ ዕቃ ሆኖ ይደርሳል።

ስለ ታይታ ያሉትም ከብዶኛል። ሰው የሞዴል ስም የሚጠራው የሥራ ባልደረባው ይዞት ስላየ ነው። እኛ እዚህ የምንገዛውን ሁሉ ስም ጠርተን ነው የምንገዛው። ዘመድ አገር ቤት ሲሆን ግን የሰጡትን ብቻ ተቀብሎ ዝም እንዲል እንፈልጋለን። ከቤተሰብ ርቀን ስንኖር ለቅሶውም ሰርጉም ያመልጠናል፤ የቀረን በሰው እጅ የሚላክ ሻንጣ ነው። እሱን እንኳ በጥርጣሬ አናድርገው።

ሽማግሌው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልጄ፣ ጥርጣሬ አይደለም። ይህች ልጅ «ከአቅሜ በላይ» ብላ ጽፋለች። ከአቅሟ በላይ የሆነውን ጠይቆ ከሆነ ልኩን መንገር ዝምድናን አያፈርስም። ዛሬ ላፕቶፕ ነው፣ ነገ ቻርጀሩ፣ ከነገ ወዲያ ባትሪው። እናንተ ወጣቶች እምቢ ማለትን ጥል ታደርጉታላችሁ።

የፌርፋክሷ፦
ጋሼ፣ ልጁ ለታይታ የሚጠይቅ አይደለም፤ የቢሮው ኮምፒውተር ያረጀ ስለሆነ የወር መዝጊያውን ቤቱ ወስዶ ነው የሚጨርሰው። እምቢ ማለቱን ትቼ ትክክለኛውን ዕቃ መላክ ነው የምፈልገው። 840ው አሳምኖኛል። ስለ ቦሌው ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ነርሷ፣ ለንደን፦
ካርቶኑን ጥለሽ፣ የአማርኛ ኪቦርድ ጭነሽ፣ ሁለት ሦስት ፎቶ አስገብተሽበት በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ያገለገለ መሆኑ ይታያል። ሻንጣው ውስጥ ሌላ ላፕቶፕ ከሌለው ማንም አይናገረውም።

አይቲ ከፍራንክፈርት፦
በእጅ ሻንጣ መያዙ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ መለዋወጫ ባትሪ ከታከለማ ጭራሽ ወደ ጭነት አይገባም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ በእጅ ይፈቀዳል፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ በታች ናቸው። ፎቶ አስገብቶ የመንገደኛው ዕቃ ማስመሰል ግን አይደገፍም። ቢጠየቅ የማያውቀውን ፓስወርድና የማያውቀውን ሰው ፎቶ ምን ብሎ ያስረዳል? ችግሩ የሚወድቀው በተባበረን ሰው ላይ ነው። ደረሰኙን ይያዝ፣ ያገለገለና ለዘመድ የሚሰጥ መሆኑን ይናገር። ለግል መገልገያና ለንግድ የሚገባ ዕቃ በሕጉ ይለያያል፤ መመሪያው ስለሚሻሻል መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት የወቅቱን ከጉምሩክ ኮሚሽን ይጠይቅ።

ነርሷ፣ ለንደን፦
አስመስዪ አላልኩም። ያገለገለ ዕቃ ያገለገለ መምሰሉ ምን ነውር አለው? ደረሰኝ ይዞ የሄደ ሰው ነው ብዙ የሚጠየቀው።

ጠጋኙ፣ ስታዲየም አካባቢ፦
ክርክሩን ሳላቋርጥ ስለ ቻርጀሩ ልጨምር። ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ የአሜሪካው ገመድ ብቻ ነው የማይሰካው። አስማሚ ሶኬት አትላኪ፣ እየላላ ነው ብልጭታ የሚፈጥረው። ከቻርጀሩ ሳጥን የሚነቀለውን ገመድ እዚሁ በሁለት ክብ እግር ይቀይረው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል ቢሮም ቤትም ስታብላይዘር ወይም ከቮልቴጅ ዝላይ የሚከላከል ማከፋፈያ ይጠቀም።

ከላይ ያልተነሣ ደግሞ አለ። ርካሽ አገኘሁ ብለሽ ስናፕድራገን (ከኢንቴል የተለየ ዓይነት ፕሮሰሰር) ያለበትን አዲስ ቀጭን ላፕቶፕ እንዳትገዢ። ባትሪው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራ ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) የሌለውን አሮጌ ፕሪንተር አይቀበልም። የቢሮው ፕሪንተር አሮጌ ከሆነ ሰነድ ማተም አቅቶት ይቀመጣል።

የድሮ ቲንክፓድ ወዳጅ፣ ሲያትል፦
ሁለታችሁም ቲ 480ን ዘላችሁት። 1.6 ኪሎ ገደማ ነው፣ ግን ራሙ ይቀየራል፣ ኪቦርዱ ለብቻው ይወጣል፣ ከኋላ ያለው ባትሪ ማሽኑ ሳይጠፋ ይቀየራል። መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ከዚህ የተሻለ የለም።

ጠጋኙ፣ ስታዲየም አካባቢ፦
ቲ 480 ጠንካራ ነው፣ አልክድም። ቻርጅ የሚያደርገው ግን እሱም በዩኤስቢ ሲ ብቻ ነው፣ የፈርምዌሩ ጉዳይም ይነካዋል። ልጁ ደግሞ ከሁሉ በፊት የጠየቀው ቀላል ዕቃ ነው። በባቡር ቆሞ ለሚሄድ ሰው ትልቁን ባትሪ የያዘ ቲ 480 ከነቻርጀሩ ሁለት ኪሎ ይጠጋል።

አይቲ ከፍራንክፈርት፦
የትኛውም ይሁን፣ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ይስተካከልለት። ሁልጊዜ 100 ላይ ተሰክቶ የሚውል ባትሪ ቶሎ ሊያብጥ ይችላል፤ በቀጭን ማሽን ውስጥ መተንፈሻ ቦታ ስለሌለው ታችፓዱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ጠጋኙ፣ ስታዲየም አካባቢ፦
ይህ ለፍራንክፈርት ነው። እዚህ በወር መዝጊያ ቀን መብራት ሲጠፋ ያ 20 በመቶ የአንድ ሰዓት ገደማ ሥራ ነው። በአዘቦት 80 ላይ ያቁመው፣ ወር ሊዘጋ ሲል ወደ 100 ይመልሰው። ታችፓዱ ከፍ ካለ ወይም መጫን ካስቸገረ ግን ያኑ ቀን አጥፍቶ ባትሪውን ያስወጣ፤ ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይታጠፍም፣ ቻርጅም አይደረግም።