ሜትፎርሚኑ ካልሲየሙ ውስጥ እየቀረ አስቸገረኝ

ሰላም ለቤቱ። ጎንደር ነኝ፣ ለመመረቂያ ሥራ ሜትፎርሚንን (የስኳር በሽታ መድኃኒት) ቀስ እያለ የሚለቅ የአልጂኔት ቢድ (ካልሲየም ሲነካው ጄል ከሚሆን የባሕር አረም ውጤት የሚሠራ ትንሽ ክብ ፍሬ) እየሠራሁ ነው። 2 ግራም ሶዲየም አልጂኔት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 2 ግራም መድኃኒት፤ በ21 ጌጅ መርፌ 3% ካልሲየም ክሎራይድ ላይ አንጠባጥቤ 30 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ግማሹ መድኃኒት ካልሲየሙ ውስጥ ይቀራል፣ ቢዶቹ ጭራ ያወጣሉ፣ ፒኤች 6.8 ፎስፌት ባፈር (አንጀትን እንዲመስል የተሠራ ፈሳሽ) ውስጥ ደግሞ ሟሙተው ይጠፋሉ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

ቅመማ፦ ሜትፎርሚን ውሃ ውስጥ በጣም ስለሚሟሟ ውሃ ካየ አይመለስም። ጄሉ ወንፊት ነው፤ 30 ደቂቃ ሙሉ ሲያፈስልህ ይቆያል። ወደ 10 ደቂቃ አውርደው፣ የካልሲየሙን ውሃ መጠንም ቀንስ። መድኃኒቱን አስቀድመህ እዚያው ካልሲየሙ ውስጥ ብታሟሟ ውስጥና ውጭው ስለሚቀራረብ የሚወጣው ያንሳል። ጭራው የመጣው ጠብታው ሳይከብ ካልሲየሙን ስለሚነካ ነው። መርፌውን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርግ፤ ከዚያ በላይ ከሄድክ ይጠፈጠፋል።

የአዘዞው፦ ውሃ በፈረቃ ነው ብለህ የቧንቧውን እንዳትጠቀም! በውስጡ ያለው ካልሲየም አልጂኔቱን ገና ብርጭቆው ውስጥ ያጓጉለዋል። ዱቄቱን እንደ ሽሮ በሚሽከረከረው ውሃ ላይ ቀስ ብለህ ነስንስ፣ ከዚያ ይደር። አረፋው ካልወጣ ቢዱ ይንሳፈፋል።

ፖሊመር፦ መሟሟቱ የሚጠበቅ ነው። ፎስፌቱ ካልሲየሙን ይነጥቃል፣ ሶዲየም ቦታውን ይይዛል፣ ጄሉ ይፈታል። ቺቶሳን (ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚገኝ ፖሊመር) አልብሰው፦ 0.5 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር 1% አሴቲክ አሲድ አሟሟ፣ ፒኤቹን 5 አካባቢ አድርስ። 6.5 ካለፈ ቺቶሳኑ ይዘቅጣል። ለብቻው ከነከርከው ግን ሌላ ማጠቢያ ሆኖ መድኃኒት ይሰርቅሃል፤ ካልሲየም ክሎራይዱን እዚያው ቺቶሳን ውስጥ ጨምረህ በአንድ ጊዜ ጨርሰው።

እውነቱን ልንገርህ፣ የመድኃኒት ምርጫህ ከበድ ይላል። ግማሹ ከጠፋ 500 ሚሊ ግራም ለማድረስ 1.5 ግራም ደረቅ ቢድ ያስፈልጋል፤ ማን ይውጠዋል? ለሜትፎርሚን የኤችፒኤምሲ (ውሃ ሲነካው ጄል የሚሆን የሴሉሎስ ዓይነት) ማትሪክስ ታብሌት ይሻላል። በቢድ ካልክ የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ ሶዲየምን ሞክር፣ አሲድ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም።

ጠያቂው፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ቢዱ ውስጥ የቀረውን መድኃኒት በምን ልለካ?

ፖሊመር፦ ባማረርክበት ፎስፌት! ሳታለብሰው 50 ሚሊ ግራም ደረቅ ቢድ ፈጭተህ ፒኤች 7.4 ባፈር ውስጥ ይደር፣ አጣራና በዩቪ ስፔክትሮፎቶሜትር (ብርሃን መምጠጥን በሚለካው መሣሪያ) በ233 ናኖ ሜትር አንብብ። ለማነጻጸሪያ መድኃኒት የሌለው ባዶ ቢድም አብረህ አንብብ።