ኤፍፒሲ ላይ ያሉ ድምፆችን እንዴት ልለያያቸው?

የኮዬ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። የምሠራው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ስቱዲዮ ከተባለ መኝታ ቤቴ ነው እንግዲህ። የከበሮን ሰፊ ፊትና ጠባብ ፊት ራሴ ቀድቼ፣ ከኪክ (ወፍራሙ የድራም ምት)፣ ከጭብጨባና ከሃይሃት (ጥንድ ሲምባል) ጋር ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ኤፍፒሲ ላይ፣ ማለትም የምት ድምፆች ማጫወቻው ላይ ጫንኳቸው። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሚክሰር ትራክ (የድምፅ መስመር) ነው የሚወጡት። ጭብጨባው ላይ ሪቨርብ ስጨምር ከበሮውም ዋሻ ውስጥ የተመታ ይመስላል። ምን ላድርግ?

ባለስድስት ስምንት፦ ቀላል ነው። ኤፍፒሲን ክፈትና የምትለየው ድምፅ ያለበትን ፓድ (ቁልፍ) ምረጥ። እዚያው አውትፑት የሚል ቁጥር አለ። ልብ በል፣ የሚክሰር ትራኩ ቁጥር አይደለም። ኤፍፒሲ ካለበት ትራክ ተነስቶ ነው የሚቆጠረው። ኤፍፒሲ 10 ላይ ሆኖ ፓዱን 2 ካልከው፣ ድምፁ 12 ላይ ይወጣል።

የኮዬ ልጅ፦ ጭብጨባው ተለየ፣ ተባረክ! ከበሮው ላይ ግን የዘፋኙ ኢፌክት በሙሉ ገባበት 😂

ባለስድስት ስምንት፦ ኤፍፒሲ ስንት ላይ ነው? ዘፋኙስ?

የኮዬ ልጅ፦ ኤፍፒሲ 3፣ ዘፋኙ 7። ከበሮውን 4 አልኩት... ኧረ ገባኝ።

የለቡ ቢት፦ እኔ በበኩሌ ኤፍፒሲን ትቼ እያንዳንዱን ድምፅ በራሱ ቻናል ነው የማስቀምጠው። ሃይሃት ላይ ግን ጉድ ሠርቶኛል። የተዘጋው ሲመታ ክፍቱ ዝም አላለም። ለሁለቱም ከትና ከት ባይ (አንዱ ድምፅ ሌላውን እንዲያቋርጥ የሚያደርጉት ቦታዎች) ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ስሰጣቸው ተስተካከለ።

አሮጌ ፌደር፦ ሁሉን ነገር አትበታትን ወንድሜ። የከበሮው ሁለት ፊት አንድ መሣሪያ ነው፤ አንድ ትራክ ላይ ይሁን፣ አንድ ሪቨርብ ይብቃው። ኪኩን ግን ለይ። ከሰፊው ፊት ጋር ወፍራሙ ድምፅ ላይ የሚጋፋው እሱ ነው።

ጀማሪ ነኝ፦ ኮንታክት የሚባለው ፕላጊን ላይስ ድምፆቹን እንዴት ልለያቸው?

አሮጌ ፌደር፦ መጀመሪያ አውትፑት ክፍሉ ውስጥ መውጫ ጨምር፣ ከዚያ ኢንስትሩመንቶቹን ለየመውጫቸው መድብ። ኤፍኤል በኩል ደግሞ የፕላጊኑ መስኮት ላይ ፕሮሰሲንግ የሚለው ገጽ ገብተህ አውቶ ማፕ አውትፑትስን ንካ።

የኮዬ ልጅ፦ ኤፍፒሲን ባዶ ትራኮች ወዳሉበት፣ 20 ላይ ወሰድኩት። ከበሮው በሁለት ፊቱ 21፣ ኪክ 22፣ ጭብጨባ 23። ሸጋ ሆነ! ሴቭ ሳላደርግ ግን መብራት ሄደ። ዴስክቶፕ ነው። ሲመጣ ደግሜ ስሠራው 5 ደቂቃ አልፈጀብኝም።