ክርክር፦ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የፉትቦል ቡድን ሲያቋቁም ከፋዩ ማን ይሁን?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ርዕስ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው። ቴክሳስ ውስጥ፣ ሪዮ ግራንዴ ሸለቆ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በ2025 አዲስ ቡድን ይዞ ሜዳ ገብቷል። ተማሪዎቹ በ2021 ድምፅ ሰጥተው በክሬዲት ሰዓት 11.25 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ተቀብለዋል። እዚሁ አትላንታ መሐል ያለው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2010 ጀምሮታል። ቡድን የሌለው ዩኒቨርሲቲ በተማሪ ገንዘብ ቡድን ማቋቋም አለበት ወይ? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ አይፈቀድም።

የሒሳብ ባለሙያው፦ የለበትም ባይ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን የምናያቸው እንደ አላባማ ያሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከትኬት፣ ከቴሌቪዥን መብትና ከለጋሾች ገንዘብ ይገባላቸዋል። ጀማሪው ይህ ሁሉ የለውም። በጆርጂያ ስቴትም የስፖርት ክፍሉን ወጪ በዋናነት የተሸከመው ተማሪው በየሰሚስተሩ የሚከፍለው የግዴታ ክፍያ ነው። የልጆቻችሁን ቢል ከፍታችሁ እዩት። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከቱይሽኑ ሥር የቴክኖሎጂ፣ የትራንስፖርት፣ የጤና፣ የስፖርት እያለ ይወርዳል፤ ይህን እፈልጋለሁ፣ ያንን አልፈልግም ማለት አይቻልም። በሎን የሚማር ልጅ ያንን ክፍያ ከነወለዱ ነው የሚመልሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጆርጂያ ስቴት ጥቂት መቶ ዶላር ጎድሎባቸው ከምዝገባ ሊሰረዙ የደረሱ ተማሪዎችን ቀሪ ሒሳብ የሚሸፍን ድጎማ በ2011 ጀምሯል። በዚህም በመላ አገሪቱ ስሙ በበጎ ይነሣል፤ ይገባዋልም። ታዲያ ለዚያች ለትንሽ ገንዘብ ሲባል ልጅ ከትምህርት እንደሚቀር ከማንም በላይ የሚያውቅ ተቋም፣ ለፉትቦል ሲሆን በግዴታ ማስከፈሉ እንዴት ይታረቃል?

የቀድሞ ተማሪ፦ ጋሼ፣ በቁጥሩ አልከራከርዎትም። ግን ጆርጂያ ስቴት በ1913 የማታ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ጠባዩም ለብዙ ዘመን እንደዚያው ነበር። ከሥራ ትመጣለህ፣ ክላስ ትገባለህ፣ ማርታ የሚባለውን የከተማ ባቡር ይዘህ ትሄዳለህ። ከጎንህ የተቀመጠውን ልጅ ስም ሳታውቅ ትመረቃለህ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2010 ጆርጂያ ዶም ስታዲየም ውስጥ ሲደረግ 30,237 ሰው ገብቷል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ማሊያ አንድ ላይ ሲቆም የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይቶ አያውቅም ነበር።

በ2013 12 ጨዋታ ተጫውቶ 12ቱንም ተሸንፏል፣ እውነት ነው። በ2019 ግን ኖክስቪል ድረስ ሄዶ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን 38 ለ 30 ረታ። አስተናጋጁ ቴነሲ ለዚያ ጨዋታ 950 ሺህ ዶላር ከፍሎታል። ገንዘብ አይገባም የሚባለውም ልክ አይደለም ለማለት ነው።

የሒሳብ ባለሙያው፦ ልጄ፣ 950 ሺው ገንዘብ ነው፤ አልናቅሁትም። የአሠልጣኞች ደመወዝ፣ ስኮላርሺፑ፣ ሕክምናው፣ ጉዞው ሲደመር ግን ከስንቱ ይደርሳል? ደግሞም ትልልቆቹ የሚከፍሉት ደካማ ቡድን መጥቶ እንዲሸነፍላቸው ነው። አንዴ ማሸነፋችሁ ደስ ይላል፤ በጀት ግን በዚያ አይያዝም። ከ2025 ወዲህ ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ጀማሪው ጣሪያው ጋ አይደርስም፣ ግን ጥሩ ተጫዋች ባፈራ ቁጥር የሚከፍለው ይወስድበታል።

የሳመርሂል ነዋሪ፦ እኔ ስታዲየሙ ያለበት የሳመርሂል ሠፈር ሰው ነኝ፤ ስለ ስታዲየሙ ማንም አላነሣም። የጆርጂያ ስቴት ቡድን ከ2017 ጀምሮ የሚጫወትበት ሜዳ ለ1996ቱ ኦሎምፒክ የተሠራው ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ የወሰደው፣ ፋጡማ ሮባም ማራቶኑን አንደኛ ሆና የጨረሰችው እዚያ ነው። የሩጫ መሙ ከኦሎምፒኩ በኋላ ተነሥቶ ስታዲየሙ የቤዝቦል ሜዳ ሆነ፤ እዚያ ይጫወት የነበረው የቤዝቦል ቡድን ብሬቭስ ወደ ኮብ ካውንቲ እሄዳለሁ ሲል ደግሞ የከተማው ከንቲባ ይፈርሳል ብለው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ባይገዛው ዛሬ አናየውም። ይህን ለቡድኑ እመሰክራለሁ።

ግን የሠፈሩ ሰው በ2017 ስታዲየሙ አጠገብ ድንኳን ተክሎ ያደረውም እውነት ነው። የጠየቁት የቤት ኪራይ ሲንር እንዳንፈናቀል በጽሑፍ ስምምነት ይፈረምልን ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ዛሬ የተከፈቱትን ምግብ ቤቶች እዩና ድሮ እዚያ ይኖር የነበረው ስንቱ እንደቀረ ጠይቁ። የሠፈሩ ሰውም ከከፋዮቹ ይቆጠር።

ነርሷ፦ እኔ የምሠራው ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሰዎች ክፍል ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን የአንጎል በሽታ በኮሌጅ ደረጃ ብቻ ተጫውተው ባቆሙ ሰዎች ላይም አግኝተውታል። የሕክምና ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ይህን እያወቀ አዲስ ቡድን ሲጀምር ኅሊናዬ አይቀበለውም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እህቴ ነርሷ፣ ያልሽው ያስፈራል፤ ወንዱን ልጄን ሃይስኩል ሳለ የከለከልኩትም ለዚሁ ነው። ግን በስኮላርሺፕ ያለ ሎን የሚመረቁት ልጆችስ? ብዙዎቹ እናታቸው እንደኛ በሁለት ሥራ የምታሳድጋቸው ናቸው። ያ በር ይዘጋ ለማለት አፌ አይደፍርም። የሚከነክነኝ ከፋዩ አለመጠየቁ ነው። የጆርጂያ ስቴት ክላርክስተን ካምፐስ ተመዝግቦ ማታ ማታ ዕቃ የሚጭን የሠፈራችን ልጅ ቅዳሜ ጨዋታ የሚያይበት ጊዜ የለውም።

የቀድሞ ተማሪ፦ እትዬ፣ መጠየቁ ላይ እስማማለሁ፤ ቴክሳሶቹ በድምፅ መጀመራቸውም ይበል የሚያሰኝ ነው። ይዘጋ የሚለውን ግን አልቀበልም። እዚሁ አጠገባችን በርሚንግሃም ያለው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ፣ በቴሌቪዥን ከምናየው ከትልቁ አላባማ የተለየው፣ በ2014 መጨረሻ ወጪው በዛ ብሎ ዘጋው። ከተማው ተነሣ፣ ተማሪውና ነጋዴው ገንዘብ አዋጣ፣ ቡድኑ በ2017 ተመልሶ ሜዳ ገባ። ሰው የማይፈልገውን ነገር እንዲህ አይታገልለትም።

የሒሳብ ባለሙያው፦ እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የሚፈልገው ሰው ያዋጣ። ድምፁን ግን ልብ በሉት። በ2021 እሺ ያሉት የቴክሳስ ተማሪዎች ቡድኑ በ2025 ሲጫወት ብዙዎቹ ተመርቀው ወጥተዋል። ዛሬ የሚከፍለው ያኔ ሃይስኩል የነበረ፣ ማንም ያልጠየቀው ልጅ ነው። ስለዚህ ክፍያው በየ4 ዓመቱ እንደገና ለድምፅ ይቅረብ፤ ካልታደሰ ይቁም። እንዲህ የሚል አንቀጽ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቢጀምር አልቃወምም።

የቀድሞ ተማሪ፦ 4 ዓመት ያጥራል፤ ቋሚ ገቢ ሳይኖር አሠልጣኝም ተጫዋችም አይመጣም። 8 ዓመት ቢሆን እፈርማለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦ 8 ዓመት ከሆነማ ሳይጠየቅ ገብቶ ሳይጠየቅ የሚወጣ ልጅ ይኖራል። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ።